የክረምት እኩሌታ በጎጃም ደጋ

ስለ ጥንታዊ በዓላት አመጣጥ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ከሮማ ነው። ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን በ274 እ.ኤ.አ. «የማይሸነፍ ፀሐይ» ለተባለው አምላክ ቤተ መቅደስ አሠራ፤ በ354 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ በተጠናቀረ የዘመን መቁጠሪያ ውስጥ ደግሞ ዲሴምበር 25 የክርስቶስ ልደት ቀን ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል። የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦችም ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት በቀዝቃዛው ወራት እኩሌታ ከብት እያረዱ የሚያከብሩት የራሳቸው በዓል ነበራቸው። ነገሩ በዚያ አገር ግልጽ ነው። ቀኑ እያጠረ፣ ሌሊቱ እየረዘመ ሄዶ የፀሐይ ነገር ያሰጋል፤ ከዚያ ወዲያ ብርሃን ይመለሳል፤ ሰውም ስጋቱንና ተስፋውን በማዕድና በእሳት ይገልጻል።

ይህን ሐተታ አንሥቶ እንዳለ ጎጃም ላይ ማሳረፍ ግን አይቻልም። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከአሥር ዲግሪ ብዙም የማትርቅ በመሆኗ፣ በዓመቱ ረጅም ቀንና በዓመቱ አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም። ታኅሣሥ በዚህ አገር ሌሊቱ የሚቆረጥም፣ ሰማዩ ግን የጠራ ወር ነው፤ ጤፉ ታጭዶ የሚከመርበት፣ አውድማው የሚለቀለቅበት፣ በሬው የሚያበራይበት ጊዜ ነው። ገናም የሚውለው በዚህ ጥጋብ መካከል ሲሆን፣ የገና ጨዋታ የተባለው የዱላና የሩር ግጥሚያ ሆዱ የሞላና መስኩ የተለቀቀለት ጎረምሳ ጨዋታ ነው። በዚህ ወር ስለ ብርሃን መጨነቅ የለም።

የጎጃም ገበሬ ብርሃን የሚያጣው ምድር በመዞሯ ሳይሆን ደመና በመውረዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በጮቄ ግርጌ ተቀምጣለች። ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው የዓመቱ ዝናብ ከፍተኛው ድርሻ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጭጋጉ ከጮቄ ወርዶ ሜዳውን ሲሸፍነው ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም፤ ጨሞጋና ሙጋ ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ፤ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ማገዶ አልነድም ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን የጎተራው ነገር ነው። የዘር እህል አፈር ውስጥ ገብቷል፤ የበቀለው ገና አረም ይፈልጋል፤ ካምና የተረፈው ደግሞ ተሟጥጧል። ክረምት በጌታውና በድኻው ቤት በአንድ መልክ አይገባም ነበርና፣ በነሐሴ አንድ ቁና እህል የተበደረ ሰው በታኅሣሥ ጨምሮ መክፈሉ የታወቀ ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር የክረምት እኩሌታ በዓል ካለ፣ ሊፈለግ የሚገባው በዚህ በጨለማውና በረኃቡ ወራት ውስጥ ነው። በዓሉም አለ፤ ስሙ ቡሄ ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርጉታል። ይህንንም ደግሞ በየክፍሉ ይሸነሽኑታል። መጀመሪያው ዘርዕና ደመና ነው። ከሐምሌ 19 ጀምሮ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ ይባላል። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ጊዜ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ ትርጓሜውም የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉም ዐይን ማለት ነው። ከነሐሴ 28 በኋላ ያለው ጎሕ፣ ነግህ ተብሎ ይጠራል። ለእነዚህ ስሞች ትኩረት ያልሰጠ የታሪክ ተመራማሪ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ስሞቹ በመዝሙረ ዳዊት ቃል ይሸፈኑ እንጂ የሚናገሩት ደጋውን ነው። በመጀመሪያ መብረቁና ሙላቱ ይመጣል፤ ቀጥሎ አፉን ከፍቶ የሚጮኸው ጫጩትና ከሰማይ የሚጠብቀው ዐይን ይመጣል፤ ከዚያ ይነጋል። የረኃቡን ወር «የሁሉም ዐይን» ብሎ የሰየመ ሊቅ፣ ቅኔውን ከመጽሐፍ ቢወስድም ጎተራውን በዐይኑ ያየ ሰው መሆን አለበት።

አሁን ደግሞ ቆጥሮ ማየት ነው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ጳጉሜን አምስት ስትሆን 95 ቀን ይሆናል። የሰኔው አምስት፣ የሐምሌው ሠላሳ ተደምሮ ሠላሳ አምስት፤ ከነሐሴ አሥራ ሦስት ሲጨመርበት አርባ ስምንት። በፊቱ አርባ ሰባት ቀን፣ በኋላውም አርባ ሰባት ቀን ያለው፣ የክረምት ትክክለኛ እኩሌታ ነሐሴ 13 ነው። ቡሄ የሚውልበት ቀን መሆኑ ነው።

ይህን ያየ ሰው ወዲያውኑ «በዓሉ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በላዩ ስም ለጠፈችበት» ለማለት ይቸኩል ይሆናል። ቀኑ ግን አገር ውስጥ የተመረጠ አይደለም። የደብረ ታቦር በዓል በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 6 ሲሆን፣ በብዙዎቹ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ቀን ይከበራል፤ በግብጾች አቆጣጠር መስራ 13፣ በእኛ ነሐሴ 13 ሆኖ የሚነበበውም ይኸው ቀን ነው። ግሪኮች በዚህ ዕለት የወይን ዘለላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ያስባርካሉ፤ ሩስያውያን ደግሞ ፖም። ለእነርሱ የመጀመሪያው ፍሬ የሚደርስበት የበጋ በዓል ነው። ይኸው ቀን ጎጃም ሲደርስ የሚባረክ ፍሬ አላገኘም፤ ያገኘው ዝናብ፣ እረኛና ባዶ ጎተራ ነው። ስለዚህ ወይኑ ቀርቶ ሙልሙል ዳቦ መጣ፤ የበጋው በዓል የክረምት እኩሌታ በዓል ሆነ። ቀኑ ከኢየሩሳሌምና ከእስክንድርያ መንገድ መጣ፤ ትርጉሙን የሰጠው ግን የአገሩ አየርና የአገሩ ሥራ ነው። በዓል ከሚጠራበት ስም ይልቅ የሚበላበት እህል እውነቱን ይናገራልና፣ የታሪክ ጸሐፊ ከጸሎት መጽሐፉ ጋር ሌማቱንም መመርመር ይኖርበታል።

የቡሄ ሥርዓት በጎጃም ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው፦ ጅራፍ፣ ችቦና ሙልሙል። እረኞቹ ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድመው ከቃጫ ወይም ከልጥ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ በየጉብታው እየወጡ ያጮኹታል፤ ከወዲያ ማዶ ያሉትም ይመልሳሉ። ቀኑ ሲደርስ የአንዱ ጎጥ ልጆች ከሌላው ጎጥ ልጆች ጋር ተገናኝተው ይገራረፋሉ። በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል። ልጆቹም በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ ባለቤቶቹም ሙልሙል ይሰጣሉ። የሊቃውንቱ ትርጓሜ ሦስቱንም ከታቦር ተራራ ጋር ያያይዛቸዋል። ችቦው በተራራው ላይ የታየው ብርሃን ነው፤ የጅራፉ ጩኸት ደቀ መዛሙርቱን ያስደነገጠው የሰማዩ ድምፅ ነው፤ ሙልሙሉም ብርሃኑን አይተው ገና ያልመሸ መስሏቸው ከመንጋቸው ጋር ለቀሩት እረኞች ቤተሰቦቻቸው ይዘውላቸው የወጡት ዳቦ ነው። የስሙም ነገር እንዲሁ ሁለት መንገድ ይዟል። አንዳንዶች ቡሄን ከመገለጥና ከብራ ጋር ያዛምዱታል፤ ሌሎች ቡሆ ከሚለው ቃል፣ ማለትም ከሊጡ ጋር። አንደኛው ሰማዩን፣ ሁለተኛው ማዕዱን መመልከቱ ነው፤ ሕዝቡ ሁለቱንም ይዟቸው መኖሩ የሚያስገርም አይደለም።

ትርጓሜው ውብ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ሆኖም ጅራፉ ከትርጓሜው በፊት በእረኛው እጅ ነበር። በክረምት መሬቱ ስለሚታረስና ስለሚዘራ ከብት ከማሳ ይከለከላል፤ መንጋው ሁሉ ወደ ጉብታው፣ ወደ ረግረጉና ወደ ጎጥ ወሰን ይገፋል። በበጋ ተበትነው የሚውሉት እረኞች በክረምት በጠባብ ግጦሽ ላይ ይፋጠጣሉ። ጭጋጉ በዐይን እንዳይተያዩ ሲያደርግ የሚግባቡት በድምፅ ነው፤ ከብቱን የሚመልሱት፣ ዝንጀሮውን ከእሸት የሚያባርሩት፣ የማዶውን እረኛ «እዚህ ነኝ» የሚሉት በዚሁ በጅራፍ ነው። የሥራ መሣሪያ በበዓል ቀን የጨዋታ መሣሪያ ሆነ። የወሰን ግጭቱም በአንድ ቀን፣ በሕግና በሽማግሌ ዐይን ሥር፣ ወደ ግጥሚያ ተለወጠ፤ የተገረፈውም ቂም አይዝም። የሙልሙሉም ዕደላ ቢሆን ተራ ልግስና ብቻ አይደለም። ጎተራው ሊሟጠጥ በደረሰበት ሰሞን የድኻ ልጆች በቡድን ሆነው በባለጸጋው ደጅ ቆመው እየመረቁ፣ የሰሰተውን እየሸነቆጡ፣ ዳቦ የሚያስወጡበት ቀን ነው። በሌላ ቀን ልመና የሚባለው ነገር በዚህ ቀን መብት ነው።

ክርስትና ሳይገባ በፊት የጎጃም ደጋ የክረምቱን እኩሌታ እንዴት ያሳልፍ እንደነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጉዞ፣ በሰከላ ወደምትገኘው ግሽ ዓባይ መሄድ አለበት። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) በዘመነ መንግሥቱ መጀመሪያ ዳሞትንና ጎጃምን ካስገበረ በኋላ የጣና ገዳማት መነኮሳት ወደ አገው ምድር ዘልቀው ቢያስተምሩም፣ የዓባይ ምንጭ አካባቢ አገዎች የቀደመ አምልኳቸውን ለብዙ ምዕተ ዓመታት ይዘው ቆይተዋል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን አየ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀሮኒሞ ሎቦ አገዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ በምንጩ ዘንድ ላም አርደው ጭንቅላቷን ወደ ውሃው እንደሚጥሉ ጽፏል። ካህናቸውም ሰውነቱን በሞራ ተቀብቶ በገለባ ክምር ላይ ይቀመጥና እሳት ይለቀቅበታል፤ ክምሩ እስኪነድ ድረስ ሳይጎዳ ለሕዝቡ ይናገራል፤ ሕዝቡም ስጦታ ያቀርብለታል ይላል። ሎቦ የሚጽፈው ለመንቀፍ ነው፤ ግን ለመንቀፍም ቢሆን ልብ ብሎ አይቷል።

ከሁሉ የሰፋውን ወሬ ያቆየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ደርሶ ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ፤ ፓኤዝ ከእርሱ በፊት አልደረሰም ብሎም እስከ መጨረሻው ተከራከረ። ጉራው ይቅርና የምንጩን ጠባቂ ሽማግሌ ጠይቆ የመዘገበው ነገር ዋጋ አለው። በየዓመቱ የውሻ ኮከብ የተባለው ሲርየስ ጎሕ ሲቀድ በሚታይበት ጊዜ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ደግሞ ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የየነገዱ አለቆች በምንጩ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ያልወለደች ጥቁር ጊደር ትታረዳለች፤ ጭንቅላቷ በምንጩ ውስጥ ይነከርና ዳግመኛ ማንም እንዳያየው በቆዳዋ ይጠቀለላል። ሥጋዋ በነገዶቹ ቁጥር ልክ እኩል ተከፋፍሎ ከምንጩ ውሃ ጋር በጥሬው ይበላል፤ አጥንቷም ይቃጠላል። በወንዙ ውስጥ አለ የሚሉትን መንፈስም በጸሎታቸው ብርሃን፣ ዐይን፣ አባት እያሉ ይጠሩታል።

ኮከቡ በግሽ ኬክሮስ በዚያ ዘመን ከፀሐይ ቀድሞ የሚታይበት ጊዜ ሲሰላ ወደ ሐምሌ አጋማሽ ያደርሳል፤ አሥራ አንዱ ቀን ሲጨመር ወደ ሐምሌ መጨረሻ ይጠጋል። ብሩስ የሄደው በበጋ ስለሆነ ያየው ሳይሆን የሰማው ነው፤ ሰውየውም ግብጽን በልቡ ይዞ የተጓዘ በመሆኑ ኮከቡን ከፈርዖኖች መጽሐፍ ያመጣው ይሆናል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በሐምሌ ጎሕ በሰከላ ሰማይ ላይ ኮከብ ለማየት ደመናውን ማን ገፎት? ኮከቡ ቢቀር ግን ወሩ አይቀርም። መሥዋዕቱ የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር መብረቅ፣ ነጎድጓድና አፍላግ በሚለው ሰሞን፣ ዓባይ የዓመቱን ከፍተኛ ውሃ ማውረድ በሚጀምርበት ጊዜ ነው። የሰዎቹም ልመና ብርሃንና ዐይን ለሚሉት ነው።

ቡሄ የዚህ መሥዋዕት ልጅ ነው ማለት ማስረጃን መዝለል ይሆናል። ጊደሯ የአለቆችና የነገድ ጉዳይ ነበረች፤ ሙልሙሉ የልጆችና የየቤቱ ጉዳይ ነው። አንዱ ውሃ ዳር፣ ሌላው ጉብታ ላይ ነው። የሚያመሳስላቸው የትውልድ ሐረግ ሳይሆን የገጠማቸው ችግር ነው። ሁለቱም ዓመቱ ወደ ጨለማው ወለል ሲወርድ ሰውን ከየቤቱ ያወጣሉ፤ ሁለቱም እሳት ያነዳሉ፤ ሁለቱም ያለውን ምግብ ቆጥረው ያካፍላሉ። የሥጋው በነገድ ቁጥር እኩል መከፈል የብሩስን አንባቢዎች ያላስደነቀ ዝርዝር ነው፤ ሊያስደንቅ ይገባ የነበረው ግን እርሱ ነው።

እዚህ ላይ «አረማዊ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቃሉ የአገር ልጅ አይደለም። ወደ ግዕዝ የገባው ከሶርያ ክርስቲያኖች ንግግር ሲሆን፣ በመነሻው አራማዊ የሆነ ሰው ማለት ነበር፤ እነርሱ ወንጌልን ያልተቀበለውን ወገናቸውን የጠሩበት ስም ነው። ይህ የሩቅ አገር ስም ጎጃም ደርሶ በአገው ላይ ተለጠፈ። የተለጠፈውም በባዶ አልነበረም። የዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል (1607–1632 እ.ኤ.አ.) በጎጃም አገው ላይ በተደጋጋሚ የተደረገውን ዘመቻ፣ የተነዳውን ከብትና የተማረከውን ሰው ይተርካል። ብሩስ በደረሰበት ዘመን ጎንደርን በቅቤ፣ በማርና በከብት የሚመግቡት እነዚሁ የዳሞት አገዎች ነበሩ። ጸሎታቸው አረማዊ ተባለ፤ ማራቸው ግን በቤተ መንግሥቱ ገበታ ላይ ምንም ስም አልወጣለትም። ዛሬም አንድ ጸሐፊ ስለ ጎጃም በዓላት ሲጽፍ «የአረማውያን ቅሪት» ብሎ ቢያልፍ፣ ሳያውቀው የዘማቹን ቋንቋ መናገሩ ነው። በተቃራኒው ሁሉንም ከታቦር ተራራ ያወረደ ሰው ደግሞ፣ እረኛውንና አገዉን ከታሪኩ ውስጥ ያወጣቸዋል። ሁለቱም አነጋገሮች ለመድረክ ይመቻሉ፤ ለትምህርት ግን አይበጁም።

ግሽ ዓባይም ራሷ አልተለወጠችም ማለት አይደለም። ዛሬ በምንጩ አጠገብ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ መታሰቢያ አለ፤ ውሃው ጸበል ነው። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ በአደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደተቀበሉ ይተረካል። ቀድሞ ለውሃው የሚሰጠው ጭንቅላት ነበር፤ በትረካው ውስጥ የሚሰጠው መጽሐፍ ሆነ። ውሃው ተቀብሎ የሚመልስ አካል መሆኑ ግን በሁለቱም ዘንድ ጸንቷል። ከጊደር ወደ መጽሐፍ የተደረገው ሽግግር በጎጃም የክርስትና ታሪክ ውስጥ ከብዙ ጦርነት ይልቅ ጥልቅ ነው፤ ተውኔት ለሚጽፉም ገና ያልተነካ ጉዳይ ነው።

የክረምቱ ሁለተኛ እኩሌታ የሴቶች ነው። ከቡሄ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 16፣ በዋግና በላስታ ልጃገረዶች ሻደይና አሸንድዬ ይጨፍራሉ። ምሥራቅ ጎጃም ግን የራሱን ልጃገረዶች እስከ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ያቆያቸዋል፤ ያን ጊዜ ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ። ወንዶቹ በጭጋጉ ውስጥ ድምፅና እሳት ይዘው ይወጣሉ፤ ልጃገረዶቹ ጭጋጉ ሲገለጥ ሣር ይዘው ይገባሉ።

በከተሞች ቡሄ መልኩን ቀይሯል። በብዙ ደጅ ከሙልሙል ይልቅ ብር ይሰጣል፤ በአስፋልት ላይ የሚገረፍ ጅራፍ የሚመልስለት ማዶ የለውም፤ ችቦውም ብዙ ጊዜ ከገበያ ይገዛል። በባህል መሥሪያ ቤቶች ዝግጅት ላይ ግርፊያው በሜዳ መካከል፣ በተመልካች ፊት ይታያል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። በጮቄ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ግን እረኞቹ ዛሬም ጅራፉን ቀድመው ይገምዳሉ፤ በጭጋጉ ውስጥ አንዱ ያጮኻል፤ ማዶ ያለውም ሳይታይ ይመልሳል።